ውሉ የጠፋ ውል

ጎበዝ፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሰው ሲፋታ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጠቡን ማለቴ አይደለም፤ ጠቡንማ ያላየ ማን አለ። የክፍፍሉን ቀን ማለቴ ነው። ሽማግሌ ተቀምጦ “አልጋው ለማን ይሁን? ቡፌውስ? ፍሪጁን የገዛው ማን ነበር?” የሚባልበትን ቀን።

እኔ አንድ ጊዜ አይቻለሁ። ባልና ሚስቱ ሦስት ዓመት ተጨቃጭቀው፣ ፍርድ ቤት ተመላልሰው፣ ሽማግሌም ሰልችቶት በመጨረሻ ስምምነቱ ተጽፎ መጣ። ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ገና ከመቀመጡ የባል ወገን አጨበጨበ። የሚስት ወገን ደግሞ አለቀሰ። ማንም አላነበበውም። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ያነበበው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሰርቪስ ቤቷን ተከራይቶ የሚኖረው ልጅ። እሱ ስለ ፍቅራቸውም ስለ ጠባቸውም ግድ የለውም። ማወቅ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው። “ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ኪራዩን የምከፍለው ለማን ነው?”

ይህ ተከራይ ልጅ ትዝ ያለኝ ታኅሣሥ 15 ቀን 2013 ዓ.ም. አመሻሹ ላይ ነው። በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 24 ቀን 2020፣ የገናቸው ዋዜማ መሆኑ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት፣ የኛ ነው ካላልኩ በቀር፣ በነሱ አቆጣጠር ናቸውና እንዳትደናገሩ።) ቴሌቪዥን ስከፍት የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን፣ እንደወትሮው ፀጉራቸው ከማበጠሪያ ጋር የተኳረፈ መስሎ፣ ከአውሮፓ ኅብረት ጋር የንግድ ስምምነት ላይ መደረሱን ያበስራሉ። ክራቫታቸው ላይ ዓሣ ተስሏል። ነገሩ ጨዋታ አይደለም፤ መልእክት ነው። “ባሕራችንን አስመልሰናል” ለማለት ነው። ከብራስልስ በኩል ደግሞ የአውሮፓ ኮሚሽን ፕሬዚዳንት ኡርሱላ ፎን ዴር ላየን ብቅ ብለው ሼክስፒርንና ገጣሚውን ኤልየትን ጠቃቀሱ። ደስታ ሳይሆን እፎይታ እንደተሰማቸው የተናገሩት ራሳቸው ናቸው። ሴትየዋ ከባድ እንስራ ከጀርባዋ ያወረደች ሰው ነበር የሚመስሉት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው ዛሬ ማንሳት የፈለግሁት። ስለ ውሉ አይደለም። ሰው ውሉን ስለተቀበለበት መንገድ ነው።

መቼም ታሪኩን በአጭሩ ማስታወስ ሳያስፈልግ አይቀርም። እንግሊዞች ወደዚህ ማኅበር ለመግባት ደጅ የጠኑ ሰዎች ናቸው። የፈረንሳዩ ደ ጎል በ1963 እና በ1967 ሁለት ጊዜ “እምቢ!” ብለው በሩን ከዘጉባቸው በኋላ በ1973 ገቡ። በ1975 “እንቆይ ወይስ እንውጣ?” ተብለው ሕዝባቸው ሲጠየቅ 67 በመቶው “እንቆይ” አለ። በ2016 ሰኔ 23 ቀን እንደገና ሲጠየቅ 51.9 በመቶው “እንውጣ” አለ፤ 48.1 በመቶው “እንቆይ”። አያችሁ፣ አንድ ቤት ለሁለት ተሰንጥቆ ነው የወጣው። ካሜሩን ሄዱ፣ ቴሬዛ ሜይ መጥተው ሄዱ፣ ጆንሰን መጡ። ጥር 31 ቀን 2020 በይፋ ወጡ። የንግዱ ነገር ግን በይደር ቆየ። ቀነ ገደቡ ታኅሣሥ 31 ነበር። ውሉ የተገኘው አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው።

እናላችሁ፣ የዚያን ዕለት ማታ ሦስት ዓይነት ሰው አየሁ።

አንደኛው እልል ያለው ነው። “ነፃ ወጣን! ሕጋችን በእጃችን፣ ባሕራችን በእጃችን፣ ድንበራችን በእጃችን!” የሚለው። ዕድሜ ልኩን ለዚህ ጉዳይ የተሟገተው ናይጄል ፋራጅ እንኳ እንከን አያጣለትም እያለ ጦርነቱ አበቃ አለ። ሁለተኛው ድንኳን የጣለው ነው። “አገሬ ተሸጠች፣ ልጆቼ አውሮፓን ተቀሙ” ብሎ ደረቱን የሚደቃው። ሦስተኛው፣ ብዛቱ ከሁለቱም ሳይበልጥ አይቀርም፣ “ኧረ ተመስገን! ምንም ይሁን ምን ይህ ወሬ ያልቅልን” ያለው ነው። ሰልችቶታል። አራት ዓመት ተኩል አንድ ወሬ ሲሰማ ከረመ። ኮቪድ ሌላ ጉድ ይዞ መጥቷል። የገና እራቱን በሰላም መብላት ፈልጓል።

ሦስቱም ያልነበራቸው አንድ ነገር ቢኖር ወረቀቱ ነው። ሲያጨበጭቡም፣ ሲያለቅሱም፣ “ተመስገን” ሲሉም ውሉ ገና አልታተመም ነበር! ሲወጣ ደግሞ 1,246 ገጽ ሆኖ ቁጭ አለ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከገና ምሳ በኋላ እንቅልፍ እንቅልፍ ሲላችሁ አንብቡት ብለው ቀለዱ። የሕዝብ እንደራሴዎቹ ታኅሣሥ 30 ቀን ተሰብስበው በአንድ ቀን ተወያይተው፣ በ521 ድምፅ ለ73 አጸደቁት። በአንድ ቀን! እኛ ሰፈር የዕድር መተዳደሪያ ደንብ ሲሻሻል፣ ድንኳን ማን ይሸከም የሚለው አንቀጽ ብቻ ሁለት እሁድ ፈጅቷል።

ለነገሩ ጥቂት አንባቢ አልጠፋም። እነሱም የኢሜይል ምስጢር አጠባበቅን የሚመለከት አባሪ ውስጥ “ኔትስኬፕ ኮሙኒኬተር” የሚባል፣ እንኳን ልጆቼ እኔም የረሳሁት፣ የ1990ዎቹ የኮምፒዩተር ፕሮግራም “ዘመናዊ” ተብሎ ተጠቅሶ አገኙ። ከድሮ ወረቀት ገልብጠውት ነው። ዓለም ሳቀ። እኔ ግን ሳቁ መሀል አንድ ነገር ከነከነኝ። ሰው ከ1,246 ገጽ ውስጥ ያወራለት ይህንኑ ነው። የሚያስቀው ተነበበ፣ የሚያስለቅሰው አልተነበበም።

ለንደን አንድ አብሮ አደግ አለኝ። ከኛ 80ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ እዚያ ነው፤ ዜግነቱንም አግኝቷል። ቫን እየነዳ ጥቅል ዕቃ በየቤቱ ያደርሳል። የዚያኑ ዕለት ማታ ደወልኩለት።

“እንኳን ደስ ያለህ ልበል ወይስ እግዜር ያጥናህ?” አልኩት።

“እንኳን ደስ ያለህ በለኝ እንጂ! እኔ እኮ ‘እንውጣ’ ብዬ ነው የመረጥኩት።”

“አንተ? ስደተኛው?”

“ምን በወጣኝ ስደተኛ! ዜጋ ነኝ። ስማ፣ ፖላንዳዊው አውቶቡስ ተሳፍሮ ሲመጣ ማንም አይጠይቀውም። እኔ ግን እናቴን ለሁለት ወር ላስመጣ ስል የባንክ ደብተሬ፣ የቤት ኪራይ ውሌ፣ የደሞዝ ወረቀቴ… የቀረኝ የክርስትና ካርድ ነው። ሁሉም እኩል ይጠየቅ፣ ነው ያልኩት።”

እውነቱን ለመናገር መልስ አጣሁ። “እንውጣ” ያለውን ሁሉ ዘረኛ አድርጎ የሚያይ ሰው ይህን ሰው የት ያስቀምጠዋል? በ2016 ቅስቀሳ ጊዜ እንዲህ ያለውን ቅሬታ የሚያውቁ ፖለቲከኞች ለእስያ ተወላጆች “ከወጣን ለናንተ ዘመድ በሩ ይከፈታል” እያሉ ሰብከዋል።

ከበስተጀርባ ሚስቱ ትጮኻለች። “ንገረው! ልጅቱ ፈረንሳይ ሄዳ ለመማር የነበራትን ዕድል እንደቀማሃት ንገረው!” ኤራስመስ የሚባለው የተማሪዎች ልውውጥ በውሉ ውስጥ ስላልተካተተ ነው። ባል ያጨበጭባል፣ ሚስት ታለቅሳለች። ትዝ አላችሁ?

“ውሉን አንብበኸዋል?” አልኩት።

“የቱን ውል?”

“እሷስ?”

“ኧረ ተወኝ ወንድሜ፣ ማን ጊዜ አለው!”

አሁን ደግሞ ሌላ ሰው ላስተዋውቃችሁ። ሰፈራችን ውስጥ ሁላችን “ጋሼ” የምንላቸው ጡረተኛ አሉ። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በትራንዚተርነት ነው፤ ያውም አብዛኛውን አሰብ ወደብ ላይ። ጉምሩክን እንደ ዳዊት ይደግሙታል። ጠዋት ጠዋት ማኪያቶ የምንጠጣባት ቤት አገኘኋቸውና ወሬውን አነሳሁላቸው። “ጋሼ፣ ሰምተዋል? ቀረጥ ዜሮ፣ ኮታ ዜሮ ተባባሉ እኮ!”

ብርጭቆአቸውን አስቀመጡና፣ “ዲክላራሲዮንስ ቀረ?” አሉኝ።

“ማለት?”

“ዕቃው ሲያልፍ ዲክላራሲዮን ይሞላል አይሞላም?”

“ይሞላል መሰለኝ።”

“የስሪት አገር ማስረጃስ ይጠየቃል?”

“አዎ።”

“ሥጋና ዓሣውስ የእንስሳት ሐኪም ይፈርምበታል?”

“ይፈርምበታል።”

“እንግዲያው ልጄ፣ ቀረጡ ነው እንጂ ዜሮ የሆነው ወረቀቱ ዜሮ አልሆነም። ነጋዴን ደግሞ ቀረጥ አይደለም የሚገድለው፤ ሰልፍ ነው።”

ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር ያህል የሚናገር ሰው በዚያ ማታ በየቴሌቪዥኑ ከተቀመጡት መሀል ሰምቼ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩ። እርግጥ ነው፣ ነገሩን የሚያውቁ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ይጮኹም ነበር። ግን ጨዋታው የሰንደቅ ዓላማ ነበርና ስለ ፎርም የሚያወራ ሰው ማን ጆሮ ይሰጠዋል? እንዲያውም ራሳቸው ጆንሰን በ2019 ኅዳር ወር ሰሜን አየርላንድ ሄደው፣ ፎርም ሙሉ የሚላችሁ ካለ ለኔ ደውሉልኝ፣ ቅርጫት ውስጥ ጣሉት እላችኋለሁ ብለው ነበር። ስልካቸው ስንት ጊዜ እንደጠራ እንጃ።

ውሉ ጥር 1 ቀን 2021 ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያማ የጋሼ ጥያቄዎች አንድ በአንድ እግር አውጥተው መሄድ ጀመሩ።

መጀመሪያ የሳንድዊቹ ነገር መጣ። አንድ የከባድ መኪና ሹፌር በመርከብ ኔዘርላንድስ ሲደርስ ጉምሩኮች ምሳውን ወሰዱበት። ሥጋ ያለበት ሳንድዊች ከእንግሊዝ ወደ አውሮፓ ይዞ መግባት ቀርቷላ! ሰውየው ቢያንስ ዳቦውን ተዉልኝ አላቸው። ጉምሩኩም እየሳቀ፣ ሁሉም ይወረሳል፣ እንኳን ወደ ብሬግዚት በደህና መጡ አለው። ዓለም በዚህም ሳቀ። ሹፌሩ ግን ጦሙን ዋለ።

ቀጥሎ ዓሣው። ከስኮትላንድ ባሕር የሚወጣ ሸርጣንና ሎብስተር በማግሥቱ ፈረንሳይ ገበያ ካልደረሰ ያልቅለታል። ዓሣ የሐኪም ፊርማ እስኪመጣ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። መኪናው በቆመ ቁጥር ይሸታል። ጥር 18 ቀን የዓሣ ላኪዎቹ ከባድ መኪኖቻቸውን እየነዱ መጥተው ለንደን መሀል፣ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ደጃፍ አካባቢ ተሰለፉ። ከዚያ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ሚኒስትሩ ጄኮብ ሪስ ሞግ ፓርላማ ላይ፣ ዓሣዎቹ አሁን እንግሊዛዊ ስለሆኑ ደስተኞች ናቸው ብለው ነበር። ዓሣውን ማን ጠየቀው? ዓሣ አጥማጁን እንኳ የጠየቀው የለም! ባሕሩን በሙሉ ትረከባለህ ተብሎ ነበር። ውሉ ግን አውሮፓውያኑ ከእንግሊዝ ባሕር ከሚያጠምዱት ሩቡን ብቻ፣ ያንኑም በአምስት ዓመት ተኩል ቀስ በቀስ የሚመልስ ሆነ። በክራቫት ላይ የተሳለው ዓሣ ሌላ፣ መረብ ውስጥ የገባው ሌላ።

ሙዚቀኞቹም ተነሱ። ኤልተን ጆንንና ሳይመን ራትልን ጨምሮ ከመቶ በላይ ታዋቂ ሰዎች፣ አውሮፓ እየዞሩ ለመጫወት በየአገሩ የሥራ ፈቃድ ሊጠየቁ መሆኑን አይተው ደብዳቤ ጻፉ። ጀርመን ተሠርቶ እንግሊዝ የሚገባ፣ ከዚያ ተመልሶ አየርላንድ የሚላክ ከረሜላ ሳይቀር “የስሪት አገርህ የት ነው?” ተባለ። ሰሜን አየርላንድን ከቀረው እንግሊዝ የሚለያት የባሕር ላይ ኬላ ተፈጠረና በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ወጣቶች መንገድ ላይ እሳት አነደዱ። በ2023 ዊንዘር ላይ ሌላ ስምምነት እስኪመጣ ድረስ ነገሩ እንደከረረ ቆየ።

አብሮ አደጌስ? ጥር መጨረሻ ላይ ራሱ ደወለ። ድምፁ ተለውጧል።

“ስማ፣ ከጀርመን ከስፔን የሚመጣ ጥቅል ዕቃ ሁሉ ክፍያ ወጥቶበታል። በር ላይ ሄጄ ‘ይህን ያህል ይክፈሉ’ ስል ሰው ይሰድበኛል። ‘እኔ ኢንተርኔት ላይ ከፍያለሁ፣ ሌባ!’ ይለኛል። እኔ ምን አገባኝ? ሕጉን እኔ አወጣሁት?”

ዝም አልኩ። ልለው የፈለግሁት ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። “አንተው አይደለህ እንዴ የመረጥከው?” ልለው። ደግነቱ ዋጥ አደረግሁት።

የዛሬው ሂሴ ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ከእልልታውም ከልቅሶውም የባሰ ሦስተኛ ነገር ነበር። ፈገግታው። ዓሣው ሲሸት፣ ሳንድዊቹ ሲወረስ፣ የተማረው ሰው፣ ጋዜጣ የሚያነበው ሰው፣ “የዘራኸውን እጨድ!” ብሎ ፈገግ አለ። ዓሣ አጥማጅ ሲከስር ደስ የሚለው ሰው አውሮፓን መውደዱ ምን ይጠቅማል?

ይህ ደግሞ ቆየት ያለ በሽታ ነው። በ2016 ሰኔ ወር፣ ድምፅ ሊሰጥ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን እየነዱ ቴምዝ ወንዝ ላይ ሰልፍ ወጡ። ፋራጅ አብሯቸው ነበር። በሌላ የሽርሽር ጀልባ ደግሞ “እንቆይ” ባዮች ሙዚቃ ከፍተው መጡ። ከነሱ መሀል ቆሞ ዓሣ አጥማጆቹ ላይ በጣቱ የብልግና ምልክት ያሳየው ማን መሰላችሁ? ቦብ ጌልዶፍ! የኛው ቦብ ጌልዶፍ። በ77ቱ ድርቅ ለወገኖቻችን ዘፋኝ አሰባስቦ፣ ዓለምን አስለቅሶ እርዳታ ያስላከው። ውለታው አይካድም፤ እኔም አልክድም። ፋራጅ በዓሣ አጥማጆቹ እየነገደ ነው ብሎ መከራከሩም ያባት ነው። ነገር ግን ለሩቁ ድሃ ያለቀሰ ሰው ለቅርቡ ድሃ ጣቱን ሲቀስር ማየት ያማል። ያን ቀን ስንት ዓሣ አጥማጅ ነው “እነዚህ ሰዎች የሚሉትን ሁሉ ተቃወም” ብሎ ወደ ቤቱ የሄደው? “ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል” ይላል ያገራችን ሰው። አንዱ ወገን ከደጃቸው ሞፈር ቆረጠ፤ ሌላው ወገን “ሞኞች!” ብሎ ሰደባቸው። “ተው፣ ሞፈሩን እየወሰዱብህ ነው” ብሎ አጠገባቸው የተቀመጠ አልነበረም።

በዚያው ሰሞን ግን ሌላም ነገር ታይቷል፤ እሱን ካልተናገርኩ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። ከገና በፊት ፈረንሳይ በአዲሱ የኮቪድ ዝርያ ሰበብ ድንበሯን ዘግታ በሺህ የሚቆጠሩ የጭነት መኪኖች ኬንት ውስጥ ተደርድረው ቀሩ። ሹፌሮቹ ሮማንያዊ፣ ፖላንዳዊ፣ ስፔናዊ ናቸው። ሽንት ቤት የለ፣ ምግብ የለ። የሲክ እምነት ተከታዮች ትኩስ ምግብ ቀቅለው ይዘውላቸው መጡ። የአካባቢው ነዋሪም ያለውን ይዞ ወጣ። ኬንት ደግሞ አብዛኛው ሰው “እንውጣ” ያለበት አገር ነው። ሾርባ የያዘ ሰው ሹፌሩን “ለመሆኑ አንተ ምን ብለህ ትመርጥ ነበር?” ብሎ አልጠየቀም።

እንዲህ ስል “እንግሊዝን ምን አስጠራህ፣ የራስህን አገር አታይም?” የምትሉኝ አትጠፉም። ልክ ናችሁ። እኔም ብስቅ ኖሮ ጋሼ ሳቄን ያስተዉኝ ነበር።

“አትሳቅ” አሉኝ አንድ ጠዋት። “እኛ ምን አድርገናል?”

ከዚያ አወሩልኝ። ኤርትራ በ1993 በሕዝበ ውሳኔ ስትለይ ብሩ አንድ ሆኖ ቀጠለ፤ አሰብም ሥራው አልቆመም። ሕዝቡም “ምን ችግር አለው፣ ወንድማማች ነን” አለ። ገንዘቡ ሲለያይ፣ ወደቡ ሲያስከፍል፣ ዕቃው ሲያልፍ ምን ይሆናል የሚለውን ዝርዝር የጠየቀ ጥቂት ነው። በ1997 ኅዳር ናቅፋ ወጣ። በኛ በኩልም ብሩ ተለወጠ። ከድንበር ላይ ጥቃቅን ንግድ በቀር፣ ከ2,000 ብር በላይ የሆነ ግብይት በኤልሲ፣ በውጭ ምንዛሪ ይሁን ተባለ። ትላንት ጤፍ ጭኖ ሲመላለስ የነበረ ነጋዴ በአንድ ጊዜ ዶላር አምጣ ተባለ። በስድስተኛው ወር ባድመ ላይ ጦርነት ተነሳ። ጋሼ “በብር ምክንያት ነው የተዋጋነው” አይሉም። የጦርነት ምክንያት አንድ አይደለም፤ አዋቂ ሰው ናቸው። የሚሉት እንዲህ ነው። “በእልልታ ጊዜ ያልተጻፈ ነገር በኩርፊያ ጊዜ አይጻፍም።” እሳቸውም የአሰብ ሥራቸው እዚያው ላይ አበቃ። ንግዱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ።

ደግሞ በ2018 ምን ሆነ? መስከረም 11 ቀን፣ በኛ የ2011 ዕንቁጣጣሽ ዕለት፣ በቡሬና በዛላምበሳ ድንበሩ ተከፈተ። ሰው ተቃቀፈ፣ ተላቀሰ። እኔም ቴሌቪዥን ፊት ቆሜ አልቅሻለሁ፤ አላፍርበትም። ያ ዕንባ እውነት ነበር። ግን ንግዱ በምን ሕግ ይሂድ? ምንዛሪው ስንት ነው? ቀረጡስ? ሕዝብ ያነበበው ዝርዝር ውል አልነበረም። የጠየቅንም አልነበርንም። ጥቂት ወራት ቆይቶ ኬላዎቹ ተራ በተራ ተዘጉ። እንግሊዞች 1,246 ገጽ ጽፈው አላነበቡም። እኛ የምናነበው ገጽ ሳይኖረን እልል አልን። ማን ማን ላይ ይሳቅ?

አሁን አንድ ሙግት እንዳለ አውቃለሁ። “ሰው ለቀረጥና ለፎርም ብቻ አይኖርም። ነፃነት ዋጋ አለው። ዋጋውን አውቆ የሚከፍል ሕዝብ ሞኝ አይደለም” ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። አገር የሱቅ ሒሳብ አይደለችም። የእንግሊዝ የበጀት ተቋም ከኅብረቱ መውጣት የአገሪቱን ምርታማነት ውሎ አድሮ በ4 በመቶ ያህል ይቀንሰዋል ብሎ ገምቷል። አንድ ሰው ይህን አይቶ “ይሁን፣ በራሴ ሕግ ልኑር እንጂ 4 በመቶው ይቅር” ቢል አከብረዋለሁ። ግን ዋጋውን አይቶ መሆን አለበት። በ2016 በቀይ አውቶቡስ ላይ የተጻፈለት ዋጋ ይህ አልነበረም፤ በሳምንት 350 ሚሊዮን ፓውንድ ትተርፋለህ ነው የተባለው። ዋጋው ተቀዶ የተሸጠለት ሰው “አውቄ ገዛሁ” ሊል አይችልም።

የጠቅላይ ሚኒስትሩ አባት ስታንሊ ጆንሰን ግን ዋጋውን ሳያውቁ አልቀሩም። ውሉ ሥራ ላይ ሊውል አንድ ቀን ሲቀረው፣ በእናታቸው በኩል ፈረንሳዊ ስለሆኑ ፓስፖርት እያመለከቱ መሆናቸውን ለፈረንሳይ ሬዲዮ ተናገሩ። በ2022 አገኙት። አያድርስ ነው፤ ዓሣ አጥማጁ ፈረንሳዊ አያት ከየት ያምጣ?

ዓመታት አለፉ። መጠይቆች ከግማሽ በላዩ እንግሊዛዊ መውጣታችን ስህተት ነበር ብሎ እንደሚያስብ ማሳየት ጀመሩ። አብሮ አደጌ የተመኘው “እኩል መጠየቅ”ም በከፊል መጣ፤ ፖላንዳዊውም አሁን ለሥራ አዲስ ሲመጣ ቪዛ ይጠየቃል። የእናቱ ወረቀት ግን አንዲት ገጽ አልቀነሰም። በ2025 ግንቦት 19 ቀን ደግሞ ኪር ስታርመር ለንደን ላይ ከአውሮፓ ኅብረት መሪዎች ጋር ሌላ ስምምነት አደረጉ። የምግብ ቁጥጥሩን ለማቅለል ሊደራደሩ ተስማሙ። አውሮፓውያኑም እስከ 2038 በእንግሊዝ ባሕር ማጥመዳቸውን እንዲቀጥሉ ተፈቀደላቸው። ወዲያው፣ በዚያው ሰዓት፣ ወረቀቱ ገና ሳይገለጥ፣ አንዱ “ክህደት!” አለ፤ ሌላው “ተመስገን፣ ልንመለስ ነው!” አለ። ባል አለቀሰ፣ ሚስት አጨበጨበች። ተራው ተቀየረ እንጂ ጨዋታው ያው ነው።

ለአብሮ አደጌ ደወልኩለት።

“እሺ፣ ዛሬስ አጨበጨብክ ወይስ አለቀስክ?”

“አንዱንም። ወረቀቱን ፈልጌ አነበብኩ።”

“ሙሉውን?”

“ኧረ እኔን የሚመለከተውን ብቻ። ነገ በር አንኳኩቼ ማን እንደሚሰድበኝ ልወቅ ብዬ ነው።”

“በል እንግዲህ ተከራይ ሆነሃል” አልኩት፣ ያንን የሰርቪስ ቤት ልጅ እያሰብኩ።

“ተከራይማ ድሮም ነኝ” አለኝ ሳይገባው። “ለንደን ውስጥ ቤት ማን ይገዛል ብለህ ነው!”